በኤሌክትሪክ መስመር ላይ አላፊውን እክል ከነዋሪው ስለ መለየት

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

እርሻውን በመስኖ የሚያጠጣ ገበሬ የቦዩ ውሃ በድንገት ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሲፈስስ ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ወደ ራስጌው ሮጦ ውሃውን ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ግን ሁለት ነገር ያስባል። ምናልባት ውሃው ከልክ በላይ መጥቶ የቦዩን ጠርዝ ለጥቂት ጊዜ አልፎት ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ቦዩ ደኅና ነውና ውሃውን ቢመልሰው እንደ ቀድሞው ይሄዳል። ምናልባትም የቦዩ ግድግዳ ተንዶ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ግን ውሃውን መቶ ጊዜ ቢመልሰው መቶ ጊዜ ይፈስስበታል እንጂ አይጠቅመውም፤ ዶማና አካፋ ይዞ መሄድ አለበት። በራስጌው ለቆመ ሰው ግን ሁለቱም ነገር አንድ ይመስላል፤ በሁለቱም ውሃው መንገዱን ስቷልና።

የኤሌክትሪክ ኃይል ከግድብ ተነሥቶ ወደ ከተማና ወደ መንደር በሚጓዝበት መስመር ላይም እንደዚሁ ያለ ነገር ይደርሳል። በመስመሩ ላይ ከሚደርሱት እክሎች አንዳንዶቹ እንደ ጥላ መጥተው ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹም ሰው ሄዶ ካልጠገናቸው በቀር አይለቁም። የፊተኞቹን አላፊ እክል፥ የኋለኞቹን ነዋሪ እክል ብለን እንጠራቸዋለን። እነዚህን ሁለቱን መለየት የመሐንዲስ ሥራ ነው ተብሎ ሊተው አይገባም። የብረት ማማዎችና የእንጨት ምሰሶዎች በእርሻችንና በግጦሻችን መካከል ስለሚያልፉ፥ ይህን ነገር ያላወቀ ሰው «ሽቦው ዝም ብሏል፤ ሞቷል» ብሎ ሲነካ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና። ስለዚህ ትምህርቱን አስቀድመን ከሥር መሠረቱ እንጀምራለን፤ በመጨረሻም ለመንደር ሰው የሚጠቅመውን ማስጠንቀቂያ እንጽፋለን።

፩. መስመሩ እንዴት ያለ ነው?

በአገራችን ታላላቆቹ የኃይል ማመንጫዎች የሚሠሩት ወንዝ በሚወርድበት በገደል አገር ነው። በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3ኛው ግድብ በኦሞ ወንዝ ላይ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም በዐባይ ወንዝ ላይ ይገኛሉ። ኃይሉ ከዚያ ተነሥቶ ሰው ወደሚኖርበት ለመድረስ ብዙ ተራራና ሸለቆ መሻገር ያስፈልገዋል።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲጓዝ ሽቦውን ስለሚያሞቀው ከኃይሉ ከፊሉ በመንገድ ይባክናል። ነገር ግን ቮልቱ 10 ጊዜ ቢበዛ ያንኑ ኃይል ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው ፍሰት 10 ጊዜ ያንሳል፤ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነውም ኃይል 100 ጊዜ ያንሳል። በዚህም ምክንያት በቤታችን ያለው መብራት 220 ቮልት ሲሆን፥ በረጅሞቹ መስመሮቻችን የሚሄደው 132፥ 230፥ 400 እና 500 ኪሎ ቮልት ነው። አንድ ኪሎ ቮልት 1,000 ቮልት ማለት ነው።

እነዚህ ሽቦዎች በቤት ውስጥ እንዳሉት ሽቦዎች በላስቲክ የተሸፈኑ አይደሉም፤ ራቁታቸውን ናቸው። ልብሳቸው በዙሪያቸው ያለው አየር ነው። ከማማው ጋር የሚገናኙበትም ስፍራ ከሸክላ ወይም ከመስተዋት በተሠራ፥ ሠራተኞቹ ስኒ በሚሉት ነገር ነው፤ ስኒው ሽቦውን ይሸከማል፥ ኤሌክትሪኩን ግን ወደ ማማው አያሳልፍም። አንድ መስመር 3 ሽቦ አለው፤ እያንዳንዱም ፌዝ ይባላል። በማማው ራስ ላይ የሚታየው ቀጭን ሽቦ ኃይል አይሸከምም፤ መብረቅን ለመቀበል የተዘረጋ ነው።

፪. እክል ማለት ምንድር ነው?

አየር ኤሌክትሪክን የማያሳልፍ ቢሆንም ትዕግሥቱ ልክ አለው። ደረቅ አየር በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ወደ 30,000 ቮልት ያህል ሲጫነው ይሸነፋል፤ በሺህ በሚቆጠር ዲግሪም ይግልና ነበልባል ይሆናል። ይህም ነበልባል ኤሌክትሪክን እንደ ብረት ያሳልፋል። በዚያን ጊዜ ኃይሉ የታዘዘለትን ረጅም መንገድ ትቶ በአጭሩ መንገድ ወደ መሬት ወይም ወደ ጎረቤቱ ሽቦ ይገባል። ፍሰቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ቮልቱም ይወድቃል። እክል የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው። እክሉ በተነሣበት በመጀመሪያው ቅጽበት፥ መብረቅ የነካው መስመርና ሽቦው ተበጥሶ መሬት የወደቀ መስመር በኃይል ጣቢያው ላለው መሣሪያ የሚሰጡት ምልክት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በሁለቱም ፍሰቱ በዝቷል፤ በሁለቱም ቮልቱ ወርዷል። የእክሉ ብርታት ነዋሪነቱን አያስረዳም። እጅግ ብርቱ የሆነው እክል በቅጽበት የሚያልፍ፥ ደካማ የሚመስለውም የማይለቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ የሚለዩት ጥፋቱ በተሠራበት ሰዓት በማየት ሳይሆን፥ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ በመስመሩ ላይ የቀረውን ነገር በመመርመር ነው።

፫. አላፊ እክል

የአላፊ እክል ዋነኛው ምሳሌ መብረቅ ነው። በክረምት ወራት በደጋው አገር መብረቅ በማማ ወይም በሽቦ ላይ ሲወድቅ፥ ቮልቱ በድንገት ከፍ ብሎ ነበልባሉ በስኒው ውጭ ዘልሎ ያልፋል። አንዱ የመብረቅ ምት የሚያልፈው ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ነገር ግን ያለፈበት አየር ስለ ጋለ መስመሩ ራሱ የሚሸከመው ኃይል በዚያው መንገድ ይከተለዋል። መብረቁ በሩን ከፍቶ ሄዷል፤ በተከፈተው በር የሚወጣው ግን የቤቱ የራሱ ሀብት ነው። ኃይሉ ካልተቋረጠ ነበልባሉ ራሱን እየመገበ ይነዳል፤ ስኒውንም ያቃጥላል። ኃይሉ ፈጥኖ ከተቋረጠ ግን ነበልባሉ ይጠፋል፤ አየሩ ይበርዳል፤ ስኒውም አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛል።

ሌሎችም አላፊ እክሎች አሉ። ብርቱ ነፋስ ሁለቱን ሽቦዎች ያቀራርባቸዋል። ትልቅ ወፍ በሽቦና በማማ መካከል ክንፉን ይዘረጋል። ነፋስ ያመጣው ቅርንጫፍ ሽቦውን ነክቶ፥ ተቃጥሎ ይወድቃል። ከመስመሩ በታች ገለባ ወይም ሣር ሲቃጠል የእሳቱ ሙቀትና ጢሱ የአየሩን ብርታት ይቀንሰዋል። እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ መስመሩን የሚጠግን ሰው አያስፈልገውም።

በአየር ላይ በተዘረጉ መስመሮች ከሚደርሱት 10 እክሎች ከ7 እስከ 9 የሚሆኑት አላፊ ናቸው ተብሎ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ እክል ሠራተኛ ተራራ ወጥቶ መስመሩን እስኪያይ ድረስ መብራት ጠፍቶ ቢቆይ፥ ሐኪም ቤቱም ወፍጮውም ብዙውን ጊዜ በከንቱ በቆመ ነበር።

፬. ነዋሪ እክል

ነዋሪ እክል የሚባለው ኃይሉ ቢቋረጥም ምክንያቱ በስፍራው የሚቀር ነው። ሽቦ ሲበጠስ፥ ማማ ሲወድቅ፥ ስኒ ሲሰበር፥ ትልቅ ዛፍ በመስመሩ ላይ ሲጋደም ነዋሪ እክል ይሆናል። ከነዚህም አንዳንዶቹ ከሰው እጅ የሚመጡ መሆናቸው ያሳዝናል። በስኒ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ፥ ስኒን ለጥይት ዒላማ የሚያደርግ ሰው፥ ይልቁንም የማማውን ማያያዣ ብረት እየፈታ የሚሸጥ ሌባ መስመሩን ለውድቀት ያዘጋጀዋል። ብረቱ የጎደለው ማማ በጸጥታ ቀን ቆሞ ይታያል፤ ነፋስ በመጣ ቀን ግን ይወድቃል።

በመሬት ውስጥ የተቀበረ ገመድም ሲበላሽ እክሉ አብዛኛውን ጊዜ ነዋሪ ነው። ምክንያቱም ልብሱ አየር ሳይሆን ላስቲክ ወይም ሌላ ጠጣር ነገር ነውና፤ አየር ከተሰበረ በኋላ ይታደሳል፥ የተቃጠለ ላስቲክ ግን አይታደስም።

፭. መቁረጥ፥ መቆየት፥ መፈተን

በመስመሩ ሁለት ጫፍ ባሉት ጣቢያዎች ሪሌ የሚባል ጠባቂ መሣሪያና ብሬከር የሚባል ማቋረጫ አለ። ሪሌው ፍሰቱንና ቮልቱን ያለ ዕረፍት ይለካል። ቮልቱን ለፍሰቱ በማካፈልም እክሉ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ ይገምታል። እክል ባየ ጊዜ ለብሬከሩ ትእዛዝ ይሰጣል፤ በታላላቅ መስመሮች ላይ ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ባነሰ ጊዜ ሊፈጸም ይችላል። መቁረጥ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ መቆየት ያስፈልጋል። የጋለው አየር እስኪበርድና ብርታቱን እስኪያገኝ ድረስ ኃይሉ ቢመለስ፥ እክሉ አላፊ ሳለ ነበልባሉ እንደ ገና ይነሣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። 3ቱም ሽቦዎች ከሁለቱም ጫፍ ሲቋረጡ፥ ለአየሩ ዕረፍት በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ 0.3 ሰከንድ፥ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ 0.4 ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። ብዙ መዘግየትም ጉዳት አለው። መስመሩ ተቋርጦ ሳለ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ጄኔሬተሮች አንዱ ይፈጥናል፥ ሌላው ይዘገያል፤ እጅግ ከተራራቁ በኋላ ማገናኘት አደጋ ነው። ስለዚህ የሚቆዩበት ጊዜ ከታች በአየሩ፥ ከላይ በጄኔሬተሮቹ የተወሰነ ነው።

ከቆዩ በኋላ መፈተን ይመጣል። ብሬከሩ በራሱ ይዘጋና ኃይሉን ይመልሳል። መስመሩ ቢቀበለው እክሉ አላፊ ነበር ማለት ነው፤ በየቤቱ ያለው ሰውም መብራቱ አንድ ጊዜ ጥቅስ ከማለቱ በቀር ምንም አያውቅም። እክሉ ቢመለስ ግን ነዋሪ ነው ተብሎ ይፈረድበታል፤ ብሬከሩም ተከፍቶ ሰው እስኪመረምረው ይቆያል። በረጅሞቹ መስመሮች ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ወደ መንደር በሚገቡት በ15 እና በ33 ኪሎ ቮልት መስመሮች ግን መሣሪያው እየቆየ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊፈትን ይችላል። ይህን ቃል አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ኃይሉን በፍጥነት የመመለስ ልማድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በታላላቅ መስመሮች ላይ ተሠራበት፤ በዚህም ሥራ ፊሊፕ ስፖርን የተባለ መሐንዲስ የታወቀ ነው።

ነገር ግን ፈተናው ያለ ዋጋ አይደለም። እክሉ ነዋሪ ከሆነ ሁለተኛው ሙከራ ሁለተኛ ምት ነው። የጄኔሬተሩ ዘንግ ይናወጣል፤ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ ይጨነቃል፤ ብሬከሩ ያረጃል፤ ሽቦውም በወደቀበት ስፍራ እሳትና ሞት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ወሰን አድርገውለታል። ለተቀበረ ገመድ ኃይሉን በራሱ የሚመልስ ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም። ኃይሉ ሳይቋረጥ በመስመሩ ላይ ሠራተኞች በሚሠሩበት ጊዜ ይህ ሥርዓት ይዘጋል። በአሜሪካ በካሊፎርንያ አገርም ደን በሚደርቅበት ወራት የእሳት አደጋ ባለባቸው መስመሮች ላይ እንዲሁ ይዘጋል። ለኃይል ማመንጫ ቅርብ በሆነ መስመርም አስቀድሞ ከማመንጫው የራቀው ጫፍ ይፈትናል፤ መስመሩ ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ የቅርቡ ጫፍ ይከተላል።

፮. ሳይመቱ ማወቅ

«ነዋሪውን እክል ሁለተኛ ሳይመቱ ማወቅ አይቻልምን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም በበገና ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል።

በገና 10 አውታር አለው። ከነዚህ አንዱን ሳትነካ ሌላውን ብትመታ፥ ያልተመታው ነጻ አውታር ከጎረቤቱ ንዝረት ተቀብሎ በቀስታ ሊዘምር ይችላል። ያንኑ አውታር በጣትህ አጥብቀህ ብትይዘው ግን ጎረቤቱ ቢመታም ዝም ይላል። በመስመሩም ላይ እንደዚሁ ነው። አብዛኞቹ እክሎች አንዱን ፌዝ ብቻ ከመሬት ጋር የሚያገናኙ ስለ ሆኑ፥ በብዙ ታላላቅ መስመሮች ላይ የታመመው ሽቦ ብቻ ይቋረጣል፤ ሁለቱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እነርሱም ሳይነኩት በአየሩ በኩል በተቋረጠው ሽቦ ላይ ጥቂት ቮልት ያሳድሩበታል።

መሣሪያው ይህን ጥቂት ቮልት ይለካና ሦስት ነገር ይመለከታል። ነበልባሉ ገና ካልጠፋ ቮልቱ ያንሳል፤ የሞገዱም መልክ ይጣመማል። ነበልባሉ ጠፍቶ ሽቦው ነጻ ከወጣ ቮልቱ ከፍ ይላል፤ ሞገዱም ይጠራል። ሽቦው ከመሬት ጋር በጽኑ እንደ ተያያዘ ከቀረ ግን፥ በጣት እንደ ተያዘ አውታር ነውና ቮልቱ ወደ ምንም የቀረበ ይሆናል። እንግዲህ መሣሪያው ዘፈኑን ሰምቶ ይፈርዳል፤ ሽቦው ነጻ ከሆነ ኃይሉን ይመልሳል፥ ከተያዘ ግን ሳይመታው ይተወዋል።

ነገር ግን ይህም ጥበብ ድካም አለው። ከሁለቱ ጤነኛ ሽቦዎች የሚመጣው ጥቂት ኃይል የነበልባሉን ቅሪት እየመገበ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ሽቦው ብቻውን ሲቋረጥ የሚቆዩበት ጊዜ እስከ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ዳግመኛም የተበጠሰ ሽቦ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ቢቀር እንደ ነጻ ሽቦ ሊዘምር ይችላል። 3ቱ ሽቦዎች በአንድነት ከተቋረጡ ደግሞ የሚዘምር ጎረቤት ስለሌለ ፍርዱ ይከብዳል። መሣሪያ ብልህ ቢሆንም የሰውን ምርመራ ፈጽሞ አያስቀርም።

፯. በሁለቱ መካከል ያለው፤ የዛፍ ነገር

አላፊና ነዋሪ ብለን ብንከፍልም በመካከላቸው የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዛፍ ነው። ብዙ ኃይል የሚሸከም ሽቦ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲረዝም ወደ ታች ይረግባል። ከበታቹ ረጅም ዛፍ ካለ ነበልባል ይዘልላል። የቅርንጫፉ ጫፍ ተቃጥሎ ሲወድቅ እክሉ ያለፈ ይመስላል፤ ሽቦው የረገበበት ምክንያት ግን በስፍራው ነው።

ለዚህ ታላቅ ምስክር የሚሆነው መስከረም 17 ቀን 1996 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 28 ቀን 2003፥ በኢጣልያ የደረሰው ነው። በአገራችን የመስቀል በዓል በሚከበርበት በዚያ ዕለት፥ ኢጣልያ ከጎረቤቶቿ ብዙ ኃይል እየገዛች ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ፥ እነርሱ 3 ሰዓት ከ1 ደቂቃ በሚሉት ጊዜ፥ በስዊስ ተራሮች ላይ በሉክማንየር በኩል የሚያልፈው የ380 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ዛፍ ነበልባል ዘልሎበት ተቋረጠ። መሣሪያው ኃይሉን ለመመለስ ሞከረ፤ አልሆነም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሰዎች ሊዘጉት ሞከሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን የመስመሩ ሁለት ጫፎች እጅግ ተራርቀው ስለ ነበሩ መሣሪያው ከለከለ።

የፊተኛው መስመር ይሸከመው የነበረው ኃይል በሌሎቹ ላይ ተጫነ። የስዊስ ሰዎች ወደ ሮማ ደውለው ኢጣልያ የምትቀበለውን ኃይል እንድትቀንስ ጠየቁ፤ የተቀነሰው 300 ሜጋ ዋት ግን ጭነቱን ለማቃለል አልበቃም። ሁለተኛው፥ በሳን በርናርዲኖ በኩል የሚያልፈው መስመር እየሞቀ፥ እየረገበ ሄዶ በ9 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ እርሱም ወደ ዛፍ ዘለለበት። ከዚያ በኋላ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የቀሩት ማገናኛዎች ተቋረጡ፤ በ3 ደቂቃ ያህል ጊዜም ከሰርዲንያ ደሴት በቀር ኢጣልያ በሙሉ ጨለመች። ጨለማው የነካቸው ሰዎች 56 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። መብራቱ ወደ ሁሉ እስኪመለስም እስከ ምሽት ቆየ።

ከዚህ የምንማረው «ነበልባሉ ጠፋን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ «ያመጣው ምክንያት ጠፋን?» ብሎም መጠየቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ከመስመር በታችና በአጠገቡ መትከል አይገባም። ዛሬ ጉልበት የማይደርስ ችግኝ ከጥቂት ዓመት በኋላ የ10 ወረዳ መብራት ሊያጠፋ ይችላል።

፰. ነዋሪው እክል የት እንዳለ ስለ መፈለግ

እክሉ ነዋሪ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ቦታውን ማግኘት ያስፈልጋል። እክል ሲነሣ ከስፍራው ሞገድ ተነሥቶ በሽቦው ላይ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይሮጣል፤ ፍጥነቱም ወደ ብርሃን ፍጥነት የቀረበ ነው፥ ይኸውም በሰከንድ ሚሊዮንኛ 300 ሜትር ያህል ማለት ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች ከሳተላይት ጋር በተስማማ ሰዓት ሞገዱ የደረሰበትን ጊዜ ይጽፋሉ። ከዚህ በኋላ የቀረው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችም ጥሩ ልምምድ ይሆናል።

ምሳሌ፤ አንድ መስመር 120 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ሞገዱ ወደ «ሀ» ጣቢያ የደረሰው ወደ «ለ» ጣቢያ ከደረሰበት 200 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቀድሞ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞገዱ 200 ጊዜ 300 ሜትር፥ ማለት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ ወደ «ለ» ያለው መንገድ ወደ «ሀ» ካለው በ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከ120 ላይ 60 ብንቀንስ 60 ይቀራል፤ ለ2 ብናካፍለው 30 ይሆናል። እክሉ ከ«ሀ» 30 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሠራተኞቹም 120 ኪሎ ሜትር ሙሉ በመሄድ ፈንታ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳሉ።

፱. ለመንደር ሰው የሚገባ ማስጠንቀቂያ

መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፥ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህ እንዳይረሳ እንለምናችኋለን።

የተበጠሰ ሽቦ ሲወድቅ ብልጭ ይላል፤ ይጮሃል፤ ከዚያም ዝም ሊል ይችላል። ዝምታው ግን የሞት ምልክት አይደለም። ስለ ሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ከላይ እንዳስታወስናችሁ በሩቅ ያለው መሣሪያ እየቆየ ይፈትናል፤ ሽቦው ዝም ባለበት ቅጽበት የቀረበ ሰው ኃይሉ ሲመለስ በእጁ ይዞት ይገኛል። ሁለተኛ፥ ሽቦው በደረቅ አፈር ወይም በድንጋይ ላይ ቢወድቅ ወደ መሬት የሚገባው ፍሰት ጥቂት ስለሚሆን፥ ሪሌው ሳያየው ሊቀር ይችላል፤ ሽቦው ምንም ሳያሰማ ሕያው ሆኖ ይተኛል። ሦስተኛ፥ የተቋረጠ ሽቦ እንኳ ከጎረቤቱ ሽቦ ቮልት ሊቀበል እንደሚችል በበገናው ምሳሌ አይተናል።

ዳግመኛም ሽቦውን አለመንካት ብቻ አይበቃም። ሽቦው ከወደቀበት ስፍራ ኤሌክትሪኩ በመሬት ላይ፥ ድንጋይ የተጣለበት ኩሬ ክበብ እንደሚሠራ እየሰፋ ይሄዳል፤ ቮልቱም ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይቀንሳል። እግሩን አራርቆ የሚራመድ ሰው በአንዱ እግሩ ብዙ፥ በሌላው ጥቂት ቮልት ይረግጣል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሰውነቱ ውስጥ ያልፋል። በሬና ላም የፊትና የኋላ እግራቸው ስለ ተራራቀ፥ ፍሰቱም በደረታቸው በኩል ስለሚያልፍ ከሰው ይልቅ ፈጥነው ይሞታሉ። የሞተውን በሬ ሊያነሣ የሚሮጥ ባለቤትም ይከተለዋል።

ስለዚህ የሚደረገው ይህ ነው።

1. ሰውንና ከብትን ከወደቀው ሽቦ ቢያንስ 20 ሜትር ማራቅ፤ ልጆች እንዳይቀርቡ ጠባቂ ማቆም።

2. ሽቦውን በእንጨትም በገመድም አለመንካት፤ ሽቦው የነካውንም አጥር፥ ቆርቆሮና ውሃ አለመንካት።

3. በአጠገቡ የተገኘ ሰው ሁለት እግሩን ገጥሞ፥ እግሩን ከመሬት ሳያነሣ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ ይራቅ፤ በሰፊ እርምጃ አይሩጥ። በመኪና ውስጥ ያለ ሰው እሳት ካልተነሣ በቀር ከውስጥ ይቆይ።

4. በአቅራቢያው ላለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ስፍራውን ለይቶ መንገር። በማማው ወይም በምሰሶው ላይ ቁጥር ተጽፎ ከሩቅ ከታየ ያንን መንገር።

5. የሥራው ባለሙያዎች መጥተው «ኃይሉ ተቋርጧል፤ ሽቦውም ከመሬት ጋር ታስሯል» እስኪሉ ድረስ ሽቦው ሕያው ነው ብሎ ማመን።

መደምደሚያ

በሽምግልና የተቀመጠ ሰው አንድ ጊዜ በቁጣ የበደለውንና በበደሉ የጸናውን በአንድ ዐይን አያይም። ጠቡን መጀመሪያ ያቋርጣል፤ ቁጣው እስኪበርድ ያቆያል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ይፈትናል፤ በደሉ ቢመለስ ግን ምክንያቱን ሳይመረምር ዳግመኛ አያስታርቅም። መሐንዲሶችም በመስመሩ ላይ የሚሠሩት ሥርዓት ከዚህ አይርቅም፤ መቁረጥ፥ መቆየት፥ መፈተን፥ ከዚያም መፍረድ። የመንደር ሰው ግን በዚህ ፍርድ ውስጥ እጁን ማስገባት የለበትም፤ የእርሱ ድርሻ መራቅ፥ ማራቅና መንገር ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. አላፊ እክልና ነዋሪ እክል በመጀመሪያው ቅጽበት የማይለዩት ስለ ምን ነው?

2. መብረቅ ካለፈ በኋላ ነበልባሉ ስለ ምን ይነዳል? የሚጠፋውስ እንዴት ነው?

3. ኃይሉን እጅግ ፈጥኖ መመለስ ምን ጉዳት አለው? እጅግ መዘግየትስ?

4. በተቀበረ ገመድ ላይ ኃይሉን በራሱ የሚመልስ ሥርዓት የማይደረገው ስለ ምን ነው?

5. አንድ መስመር 90 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሞገዱ ወደ «ሀ» የደረሰው ወደ «ለ» ከደረሰበት 100 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቀድሞ ነው። እክሉ ከ«ሀ» ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? (መልስ፤ 30 ኪሎ ሜትር።)

6. የወደቀ ሽቦ ዝም ቢልም የማይታመንባቸውን ሦስት ምክንያቶች ተናገሩ።